መርፌ የፈረመበት ጥፍር

እስቲ ይህን ሰው ተመልከቱት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገላል። ቁልፉ ወደ ቀዳዳው ይጠጋል፣ ይንሸራተታል፣ ያመልጣል። የቀኝ እጁ መሃል ጣት ከሥሩ እስከ ጫፉ አብጦ ቋሊማ መስሏል፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ ጫፉ ጎብጦ አልቃናም ብሏል። ጠዋት ጠዋት እጁ የራሱ አይደለም፤ ከሰው የተዋሰው ነው የሚመስለው። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ኮት ላይ ቁልፍ ሲተክል የኖረ ሰው የራሱን ሸሚዝ መቆለፍ አቅቶት ደረቱን ገልጦ ይወጣል። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ኧረ ሚሊሜትር፣ በስተርጅና ዘነጥክ!» ይለዋል። ይስቃል። ምን ያድርግ?

ሚሊሜትር እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ሙያው ያወጣለት ነው። ልብስ ሰፊ ነው፣ የልብስ ሰፊ ልጅ። ደንበኛ ገና ከበሩ ሲገባ ትከሻውን በዓይኑ ለክቶ፣ «ግራዎ ወረድ ይላል፣ ቦርሳ በዚያ በኩል ነው የሚይዙት» የሚል ሰው። አብሮት የሚሠራው ካውያ ተኳሽ «እሱ እኮ ቀብር ቢሄድ የሬሳ ሣጥኑን ይለካል» እያለ ይቀልድበታል። ቀልዱ አሮጌ ነው፤ ሁለቱም ግን ዛሬም ይስቁበታል።

ሱቁ ከመንገዱ ዝቅ ያለ አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። መሃል ላይ ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ጥግ በእግር የሚረገጡ ሁለት ስፌት መኪናዎች፣ ከኋላ ደግሞ የካውያው ቦታ። የረጠበ ሱፍ ሲተኮስ የሚወጣው እንፋሎት፣ የጠመኔ ብናኝ፣ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ፤ ሚሊሜትር ያደገው እዚህ ውስጥ ነው።

አባቱ በሐሩርም በብርድም እጀ ረጅም ሸሚዝ ነበር የሚለብሱት። ቆብ ከራሳቸው አይወርድም። የእጃቸው ጥፍር ግን አይሸፈንም፤ ያለ ጥፍር አይሰፋማ። ጥፍሮቻቸው ላይ ደግሞ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነበሩ፣ ልክ እንደ ጣት ቆባቸው። የጣት ቆብ ማለት ልብስ ሰፊ መርፌ ሲገፋ እንዳይወጋው ጣቱ ላይ የሚያጠልቃት፣ ላይዋ ሁሉ የተነቋቆረ ትንሽ ብረት ናት። ታዲያ ደንበኛ «ጥፍርዎን ምን ነካው?» ሲላቸው፣ ሽማግሌው ሳይደናገጡ «መርፌ ፈረመበት» ይላሉ። «ዕድሜ ልኩን መርፌ የገፋ ሰው ይፈረምበታል። ያልተፈረመበት ገና ተማሪ ነው።»

ያማረ አነጋገር ነው። ያማረ አነጋገር ስንቱን ገደለ!

ነገሩ የሱቁ ሕግ ሆነ። ጥፍሩ የተፈረመበት ባለሙያ ነው፤ ያልተፈረመበት ክር ይቁረጥ፣ ወለል ይጥረግ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ፀጉሩ እስኪሸብት መርፌ ሲገፋ ኖሮ ጥፍሩ እንደ መስተዋት ያበራል። አንድ ሰው እንኳ «ታዲያ እሱንስ መርፌው ለምን ዘለለው?» ብሎ አልጠየቀም። «እሱ ሰነፍ ነው፣ በመኪና ነው የሚሸውደው» ተባለ፤ አለቀ። የሰው ልጅ አንዴ ደስ የሚል ውሸት ካገኘ እውነቱ በሩ ላይ ቆሞ ቢጮህም ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ሚሊሜትር ሠላሳዎቹ ውስጥ ሲገባ የራሱ ጥፍር መነቋቆር ጀመረ። አባቱ ያን ጊዜ ጣታቸው እንደ ሜንጦ ጎብጦ፣ መቀስ መያዝ አቅቷቸው፣ ጥግ ተቀምጠው «ይሄ የምድር ቤት ብርድ በላኝ» የሚሉ ሽማግሌ ነበሩ። የልጃቸውን እጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ትልቁን መቀስ ሰጡት። «ፈረመብህ። በል እንግዲህ ያዝ።» ካውያ ተኳሹ አጨበጨበ። ሽማግሌው ውሸቱን ደጋግመው ሲናገሩት ራሳቸው አምነውት ነበር? ወይስ እያወቁ ነው መቀሱን የሰጡት? ይህንን ይዘውት ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ደግሞ በየተራው የየራሱ ሰበብ ተገኘለት። ራሱን ያሳክከውና ነጭ ነጭ ይረግፍበት ጀመር፤ ፎረፎር ነው ተብሎ ሳሙና ቀየረ። ክርኑ ላይ ቀይ ሆኖ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚላጥ ነገር ወጣበት። ይህን ታላቅ እህቱ አየች። ምሳ ስታመጣለት እጅጌውን ሰብስቦ አገኘችውና ሳህኑን ይዛ ቆማ ቀረች። በማግሥቱ ቫዝሊንና ሁለት እጀ ረጅም ሸሚዝ ይዛለት መጣች።

«ምንድነው እታለም?»

«የሱፍ አቧራ ነው። ይተውሃል። ሸፈን አድርገው ብቻ።»

እታለም ሸፈን ማድረግ የምትወድ ሴት ናት። ካውያ ተኳሹ በሌለችበት «መጋረጃ» ነው የሚላት። ከቤቷ የሚወጣ ወሬ የለም፤ ድስቷ ሲያርር እንኳ ሽታው መንገድ ላይ አይወጣም ይላታል። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች፣ ለወንድሟ ከእናት በላይ የሆነች ሴት ናት። ስለዚህ ሚሊሜትር አመናት፤ ሸፈነ።

አንድ ቀን የሱቁን የብረት መዝጊያ ሲያወርድ መሃል ጣቱን ቀረጠፈው። የማንም ጣት ቢሆን በሳምንት ይድናል። የእሱ አበጠ፤ አብጦም ቀረ። ከዚያ ጎረቤቱ ያለው ጣት ተከተለ። ከዚያ ተረከዙ፤ ከአልጋ ሲወርድ ሚስማር የረገጠ ይመስል ያነክሳል። አንዱ «ብርድ ነው» አለው፣ አንዱ «ዕድሜ ነው» አለው፣ መድኃኒት ቤቱ የሕመም ማስታገሻ ሸጠለት። ሲጋራውን ግን ማንም ከአፉ አልነጠቀውም፤ ተቀምጦ ውሎ ተቀምጦ የሚያመሸው ሰውዬ ቦርጩ ከመኪናው ጠረጴዛ ጋር ሲጋፋም ዓይቶ «ተው» ያለው የለም።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደ። እታለም «ብቻህን አትሄድም» ብላ ተከተለችው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከበር ውጭ ሰው ተኮልኩሎበታል። ጣቱን ጫን አደረገው፣ ደም አስመረመረ።

«ከቤተሰብ የቆዳ ወይም የመገጣጠሚያ በሽታ ያለበት አለ?»

ሚሊሜትር አፉን ከመክፈቱ በፊት እህቱ ቀደመችው። «የለም! ዘራችን ንጹሕ ነው፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ሸሚዙን አላስወለቀም። ጥፍሩንም አላየም። ደሙ ውስጥ ትንሽ ከፍ ብሎ የተገኘውን ዩሪክ አሲድ ይዞ «ሪህ ነው» አለ፤ ሥጋ አትብላ አለው። ሚሊሜትር ሥጋውን ተወ። ጣቱ ግን አልተወውም። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ሐኪሙ ቸኮለ እንበል፤ ሐኪምን መስደብ ቀላል ነው። ግን የተጠየቀ ሰው ዋሽቶ ሲመልስስ? እኛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ለጎረቤት ስንተርት አንደኛ ነን። ወደ ራሳችን ገበና ሲመጣ ተረቱ ይጠፋናል።

በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሚሊሜትር ራሱ አንድ ነገር አደረገ። የእታለም ልጅ እሱ ሱቅ ውስጥ ስፌት ተምራ ነበር። እጇ ለሙያው የተፈጠረ፣ አፏ ደግሞ ከካውያው የሚፋጅ ልጅ ናት። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እየው እስቲ» ብላ ጣቶቿን ዘረጋችለት። ሦስት ጥፍሮቿ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች። ሚሊሜትር ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ፈረመባት! ኧረ ፈረመባት!» ካውያ ተኳሹ ለስላሳ ገዝቶ መጣ፤ ጠጥተው ሳቁ፤ እናቷ ሳትስቅ ቆማ ታያቸው ነበር።

ሚሊሜትር ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ የሄደው ብቻውን ነው፤ እታለም ጉንፋን ይዟት ተኝታ ነበር። ይህቺ ሐኪም ጣቱን ከመጫኗ በፊት ጥፍሩን ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ይሄስ?»

«መርፌ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«መርፌማ ቢሆን እኔም ሰው ስወጋ ነው የምውለው» አለችና ጥፍሯን አሳየችው። ለስላሳ ነው። «እስቲ ኮፍያዎን ያውልቁ። ሸሚዝዎንም።»

አወለቀ። ክርኑን፣ ወገቡን፣ የፀጉሩን ሥር አየች። ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«ሶሪያሲስ ይባላል። የቆዳ ነው ስለሚባል ቆዳ ላይ ብቻ የሚቀር ይመስላል። ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቀን የራሱ ዘበኛ አለው፤ ያ ዘበኛ ሲሳሳት የገዛ ቤቱን ይደበድባል። ብዙ ሰው ላይ ከቆዳው አያልፍም። እስከ ሲሶ በሚሆኑት ላይ ግን መገጣጠሚያውን ይይዛል፤ ጅማት ከአጥንት የሚገናኝበትንም ቦታ። ጣትዎም ተረከዝዎም አንድ በሽታ ነው።»

«ብርዱ ነው ያመጣብኝ?»

«ብርድ አይደለም። ይህ ነው የሚባል አንድ ምክንያት የለውም። ዘር አለበት። ዘሩ ያለበት ሁሉ ግን አይታመምም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው ነገር ይኖራል። ምት ሊሆን ይችላል፣ እንደዚያ እንደተቀረጠፈው ጣትዎ። ጉሮሮ ሕመም፣ ከባድ ጭንቀት። ውፍረት ያብሳል፤ ሲጋራውም ቢሆን አያግዝዎትም። እና ጥፍሩና የራስ ቆዳው ላይ የወጣበት ሰው፣ መገጣጠሚያው የመያዙ ዕድል ስለሚበዛ፣ እሱ ከሁሉ ቀድሞ መታየት ነበረበት።»

«ለሰው ይተላለፋል?»

«በመንካት? በጭራሽ። ልብስዎን ቢለብስ፣ አብሮዎት ቢበላ፣ ምንም።» ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው። «ከቤተሰብ ይህ ያለበት አለ?»

«የለም» ሊል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አባቱን አያቸው፤ በሐሩር እጀ ረጅም ለብሰው።

«የአባቴ ጥፍር... እንዲህ ነበር» አለ።

ጣቶቹን በራጅ አየቻቸው። የተበላው አጥንት እንደማይመለስ፣ መድኃኒቱ የቀረውን እንደሚያተርፍለት ነገረችው። «ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ይሄ ጣት አይጎብጥም ነበር።»

«መጥቼ ነበር» አለ ሚሊሜትር።

በቀጥታ የሄደው እህቱ ቤት ነው። ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትልጣለች፣ አፍንጫዋ በጉንፋን ቀልቷል።

«እታለም፣ አባባ ጀርባቸው ላይ ምን ነበረባቸው?»

ቢላዋው ቆመ። «ከየት አመጣኸው ይሄን?»

«መልሽልኝ።»

«ከክርናቸው እስከ ትከሻቸው፣ ወገባቸው ድረስ» አለች ሽንኩርቱን እያየች። «ቫዝሊን የምቀባቸው እኔ ነበርኩ። አንተ ሕፃን ነህ። አንድ ቀን ለጓደኛዬ ነገርኳት፤ ‹የአባቴ ጀርባ ይላጣል› አልኳት። ልጅ አይደለሁም እንዴ! ጓደኛዬ ለእናቷ ነገረች። በሳምንት ውስጥ ደንበኛው ሁሉ ጨርቁን እየመጣ ወሰደ። ‹የሱ ቅርፊት በኮታችን ላይ ይረግፋል› እያሉ። ያን ክረምት ምን እንደበላን ታውቃለህ? አታውቅም፤ ያለውን ላንተ ነበር የምንሰጥህ። አባባ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሰፈር ቀየርን፣ መርፌ ፈረመበት ማለት ጀመሩ። እኔም ዳግመኛ አፌን አልከፈትኩም።»

ሚሊሜትር ሊጮህባት ነበር የመጣው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ልጅሽስ?»

«ልጄን አታንሣብኝ!»

«ጥፍሯን አይተሻል።»

«ጥፍር ነው! እኔ ላይ የለም፤ እየው፣ ገላዬ እንደ ሕፃን ነው። እኔ ላይ ሳይኖር በየት አልፎ ነው እሷ ላይ የሚወጣው? ስማ፣ ወንድም ዓለም፣ ገና ወጣት ናት። ይሄ ወሬ ከወጣ ማን ያገባታል? ማን ልብስ ይሰጣታል? አንተ ጣትህ ታሟል፣ አዝናለሁ፤ የእሷን ዕድል ግን አታበላሽብኝ።»

«ጣቴ አልታመመም፤ አልቋል» አለና ወጣ።

ያን ሳምንት ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የእህቱን ልጅ ይመለከት ነበር። ጠዋት ስትገባ ታነክሳለች። እስከ ረፋድ ታነክሳለች፣ ከዚያ ይተዋታል።

«እግርሽን ምን ሆንሽ?»

«ተረከዜን ነዋ፣ ጋሼ። ይሄ ፔዳል ነው። ባለሙያ መሆን ቀላል መሰለህ?»

ለሁሉም ነገር ሙያ ሰበብ! ልጅቷን ጠርቶ እንዳይነግራት እናቷን ፈራ፤ እንዳይተዋት ጎባጣው ጣቱ ፊቱ ተደቅኗል። ሊነግራት አፉን እየከፈተ፣ ስለ ክር እያወራ ይዘጋዋል። እሱም ለካ የዚያው ቤት ልጅ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሱቁ ሞልቶ ነበር። እታለም ምሳ ይዛ መጥታ ቆማለች። አንዲት ነባር ደንበኛ ኮቷን ስትለካ የልጅቷን እጅ አየችና «ውይ የኔ ቆንጆ፣ ጥፍርሽን ምን ነካው?» አለቻት።

«መርፌ ነው የፈረመባት» አለች እታለም ከኋላ፣ ፈጠን ብላ። «ከአያቷ የወረሰችው ነው፣ ሙያው።»

ሚሊሜትር ሜትሩን ከአንገቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«መውረሱንስ ወርሳዋለች፤ ሙያውን ግን አይደለም!» ኮፍያውን አወለቀ። ሸሚዙን ቆልፎ ስላልወጣ ማውለቅ አላስቸገረውም። ያን ሁሉ ቀይና ነጭ ይዞ በሰው ፊት ቆመ። «ይሄን ነው የወረሰችው። የአባቴ ነው፣ የእኔ ነው፣ ምናልባትም የእሷ ነው። መርፌ በማንም ላይ አልፈረመም። ሐኪም ካላያት እጇ እንዲህ ይሆናል፣ እዩት!»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። ካውያ ተኳሹ ካውያውን እንዳነሣ ቀረ። ደንበኛዋ ግማሽ የተሰፋውን ኮት ቀስ ብላ አወለቀች። «ለጊዜው... ይቆይልኝ። ጨርቁን ግን ልውሰደው።»

«አይተላለፍም እኮ፣ እመቤት» አለ ሚሊሜትር።

«ኧረ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እያለች ጨርቁን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ይዛ ወጣች። ምሁር ናት፤ ልጆች ታስተምራለች።

እታለም ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አባቴን ከመቃብር አውጥተህ ራቁታቸውን አቆምካቸው» አለችው፤ ድምፅዋ አልወጣም ማለት ይቻላል። ልጇን በክንዷ ያዘቻት። «ተነሽ፣ እንሂድ።»

ልጅቷ አልተነሣችም። የአጎቷን ክርን እያየች ነበር።

«ጋሼ፣ ተረከዜም ከዚያ ነው?»

«አላውቅም፣ ልጄ። የሚያውቅ ሰው አለ። ልውሰድሽ?»

«እማዬም ትምጣ» አለች።

መጣች። ልጇን ለመጠበቅ ነው የመጣችው፤ ከማን እንደምትጠብቃት እሷ ታውቃለች። ሐኪሟ ጥፍሩን አየች፣ ተረከዙን ከኋላ ጫን ስታደርገው ልጅቷ ጮኸች።

«ከቤተሰብ ይህ ያለበት አለ?»

ሚሊሜትር ወደ እህቱ ዞረ። ልጅቷም እናቷን አየች። እታለም የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ስትጠመዝዝ ቆየች።

«አባቴ» አለች። «ሃያ ዓመት ቀባኋቸው።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «እኔ ላይ ግን ምንም የለም፣ ዶክተር። በእኔ በኩል እንዴት ያልፋል?»

«ያልፋል። ሳይታይ ያልፋል። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

«ጥፋቴ ያ አይደለማ» አለች እታለም። አላለቀሰችም። ወዲያው ጠጋ ብላ ድምፅዋን ቀነሰች። «ለሰው አይነገርም፣ አይደል?»

የልጅቷ አጥንት ገና አልተበላም ነበር። መድኃኒቱን ጀመረች፤ አሁን ጠዋት ስትገባ አታነክስም። ትልቁን መቀስ የምትይዘው እሷ ናት። ሚሊሜትር እያየ በአፉ ያቃናል፤ እጁ ከእንግዲህ ጨርቅ አይቆርጥም። ደንበኛው ከግማሽ በታች ሆኗል። ካውያ ተኳሹ አልሄደም፤ የውሃ ብርጭቆውን ግን ለብቻው ካደረገ ሰነበተ፣ ያልታየበት ይመስለዋል። እታለም ልጇን መድኃኒቷን ታስውጣታለች፣ ለወንድሟ ምሳ መላክም አልተወችም። እሷ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሱቁን ረግጣ አታውቅም። መንገድ ላይ ሲያገኛት ወደ ማዶ ትሻገራለች።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባታችሁ፣ እናታችሁ፣ አክስታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ሂዱና ምን ሲደብቁ እንደኖሩ ጠይቋቸው። ይቆጧችኋል፣ ጠይቋቸው። ሐኪም «ከቤተሰብ ያለበት አለ?» ሲላችሁም ለዘራችሁ ክብር ስትሉ ልጃችሁን አትሽጡ፤ እውነቱን ንገሩት።